የገባው ማዳበሪያ፣ የወጣው ከሰል፦ እርሻ፣ ውሃና ማገዶ ሐይቅን አብረው እንዴት እንደሚበክሉ

ከአዲስ አበባ ወደ ሀዋሳ በመኪና የሄደ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል። ከመቂ እስከ ባቱ (ዝዋይ) ዳር ዳሩን በሳጥን የተደረደረ ቲማቲም፣ በጆንያ የታሰረ ሽንኩርት አለ። ባቱን አልፎ ወደ ቡልቡላና ላንጋኖ ሲጠጋ ደግሞ ቲማቲሙ ይቀርና ከሰል ይጀምራል።

"ማዳበሪያው ስንት ነው?" ይላል መኪናውን ያቆመው ሰው። የሚጠይቀው ስለ ከሰሉ ነው። ከሰል በማዳበሪያ እንደሚሸጥ ሁላችንም እናውቃለን። ከረጢቱ መጀመሪያ ወደ ገጠር የገባው ዩሪያ ወይም ዳፕ ይዞ ስለነበር ስሙ እዚያው ላይ ቀረ።

ከረጢቱ ሲገባ እርሻ ነው፣ ሲወጣ ማገዶ ነው። በመሃል ያለው ደግሞ ሐይቅ ነው። ስለ ብክለት ስናወራ ግን እርሻውን ለግብርና ቢሮ፣ ውሃውን ለውሃ ቢሮ፣ ከሰልና መብራቱን ለሌላ ቢሮ ከፋፍለን ነው የምናወራው። መሬት ላይ ሦስቱ አይለያዩም። ይህን በአንድ ቦታ፣ በዝዋይና በአብያታ ሐይቆች አካባቢ፣ ደረጃ በደረጃ እናያለን።

📌 ጊዜ ለሌላችሁ፣ በአጭሩ፦

• ውሃ ሲቀንስ ብክለት ይጨምራል። አዲስ ቆሻሻ ባይጣል እንኳ በቀረው ውሃ ውስጥ ያለው ጨውና ኬሚካል መጠኑ ይከብዳል።
• እርሻ ላይ ከሚጨመረው ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ብዙው ሰብሉ ላይ አይቀርም። ዝናብና መስኖ ይዘውት ወደ ሐይቅ ይወርዳሉ።
• የምናነደው ነገር አየሩን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ዛፍ ሲቆረጥ አፈር ይሸረሸራል፣ ኩበት ሲነድ መሬቱ ይራባል፣ የተራበ መሬት ደግሞ ተጨማሪ ማዳበሪያ ይፈልጋል።
• አንዱን ብቻ ማስተካከል ሌላውን ሊያብስ ይችላል። መፍትሔው ሦስቱን አብሮ ማየት ነው።

📍 ቦታው እንዴት ያለ ነው?

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ አራት ጎረቤታሞች ሐይቆች አሉ፦ ዝዋይ (ደምበል)፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ። ባቱ ከተማ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፣ የተቀመጠችውም ዝዋይ ዳር ነው።

ዝዋይ ከአራቱ ለመጠጥም ለመስኖም የሚሆን ውሃ ያለው ሐይቅ ነው። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ ግን 2.5 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ሰፊ ነው፣ ግን ስስ ነው። ከጉራጌ ተራሮች የመቂ ወንዝ፣ ከአርሲ ተራሮች ደግሞ የካታር ወንዝ ይገቡበታል። ሞልቶ ሲተርፍ በደቡብ ጫፉ የቡልቡላ ወንዝ ሆኖ ይወጣና ወደ አብያታ ይወርዳል። ላንጋኖም በሆራ ቀሎ ወንዝ በኩል ለአብያታ ያካፍላል።

አብያታ መውጫ የለውም። የገባው ውሃ የሚሄድበት ስለሌለ ፀሐይ ታተነዋለች፣ ይዞት የመጣው ጨው ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ አብያታ የመጨረሻው ተቀባይ ነው። ላይ የተደረገ ነገር ሁሉ ሂሳቡ የሚወራረደው እሱ ጋ ነው።

አብያታና ሻላ አንድ ላይ ብሔራዊ ፓርክ ናቸው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የሻላ ጥልቀት እስከ 266 ሜትር ስለሚደርስ ቶሎ አይነካም። ስሱ አብያታ ግን እያንዳንዷን ጠብታ ይፈልጋል።

💧 ውሃ መቀነስ ራሱ ለምን ብክለት ይባላል?

ብዙ ሰው "ብክለት" ሲባል ቱቦ፣ ቀለም ያለው ፍሳሽ፣ የፕላስቲክ ክምር ነው የሚታየው። ግን አንድ ነገር አስቡ። ወጥ በትክክለኛ ጨው ተሠርቶ እሳት ላይ ተረሳ እንበል። ማንም ጨው አልጨመረበትም። ውሃው ሲመጥ ግን ወጡ አይቀመስም። አብያታ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ዝዋይ ላይ በየዓመቱ በፀሐይ የሚተነው ውሃ በቀጥታ ሐይቁ ላይ ከሚዘንበው በእጥፍ ያህል ይበልጣል። ልዩነቱን የሚሸፍኑት መቂና ካታር ናቸው። በሁለቱ ወንዞች ላይና በሐይቁ ዙሪያ ደግሞ መስኖ አለ። ትንንሽ ማሳዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ሰፋፊ የግል እርሻዎች፣ የአበባ እርሻዎች፣ የባቱ ከተማ የመጠጥ ውሃ፣ ሁሉም ከአንድ ማሰሮ ነው የሚቀዱት።

ስሌቱን በስልካችሁ ካልኩሌተር መሥራት ትችላላችሁ። 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ማለት 44 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ቁጥሩ ግዙፍ ነው፣ በዓይን ሲታይ ግን ከእጅ መዳፍ ስፋት የማይበልጥ ከፍታ ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ የሐይቁ ወለል ከቡልቡላ አፍ በታች ከወረደ ወንዙ ይቆማል። ዝዋይ "ትንሽ ቀነሰ" በሚባልበት ዓመት አብያታ ዋና ምንጩን ያጣል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አብያታ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ነበረው። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርት ዓመታት ከግማሽ በታች የወረደበት ጊዜ አለ። በሐይቁ ዳር የተተከለ የሶዳ አሽ ፋብሪካም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ውሃውን በፓምፕ እየሳበ በማትነኛ ኩሬዎች ሲያደርቅ ቆይቷል። ዝናብ ጥሩ በሆነበት ዓመት ሐይቁ መልሶ ይሰፋል፣ ጉዞው በጠቅላላው ግን ቁልቁል ነው። ዛሬ ዳር ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ውሃው ድረስ ለመድረስ ነጭ የጨው ሜዳ አቋርጦ መሄድ አለበት።

ጨውና ሶዳው ሲከብድ በመጀመሪያ የሄደው ዓሣው ነው። አብያታ ድሮ ቆሮሶ ይሰገርበት ነበር። ሻላ ደሴት ላይ የሚራቡት ነጭ ፔሊካኖችም ምግባቸው የአብያታ ዓሣ ነበር። ሻላ ለመኖሪያ፣ አብያታ ለማዕድ ማለት ነው። ዓሣው ሲያልቅ ወፎቹ ለአንድ ጉርሻ ወደ ሩቅ ሐይቆች መብረር ግድ ሆነባቸው።

ሰው ላይስ? በስምጥ ሸለቆ አለቱ እሳተ ገሞራ ወለድ ስለሆነ የከርሰ ምድር ውሃው በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፣ በአካባቢው ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። የገጸ ምድር ውሃ ሲጠፋ ወይም ሲበከል ሰው ወደ ጉድጓድ ይዞራል። የበለዘ ጥርስ ያላቸው የአካባቢው ልጆች ጥርሳቸውን ስለማይፋቁ አይደለም። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የጠጡት ውሃ ነው። ሲብስ ደግሞ አጥንትና መገጣጠሚያ ድረስ ይዘልቃል።

🌱 እርሻው ወደ ሐይቁ ምን ይልካል?

ሦስት ነገር ይልካል፦ ማዳበሪያ፣ መድኃኒትና አፈር።

ማዳበሪያ። ገበሬ ከሚጨምረው ናይትሮጂን ውስጥ በዓለም አማካይ ሰብሉ የሚወስደው ግማሹን ያህል ነው። ቀሪው ወደ አየር ይበንናል ወይም በውሃ ይታጠባል። በቦይ የሚለቀቅ መስኖ ሲሆን ደግሞ ውሃው ከሥሩ አልፎ ይወርዳል፣ ማዳበሪያውንም ይዞት ይሄዳል። ሐይቅ ውስጥ የገባ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ማዳበሪያነቱን አይተውም። የሚያሳድገው ግን ቲማቲም ሳይሆን አልጌና እምቦጭ ነው። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ዓሣው ይታፈናል። ጣና ላይ የምናውቀው እምቦጭ ዝዋይም ደርሷል።

ወደ አየር የሚሄደውስ? ከናይትሮጂን ማዳበሪያ የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ዩሪያ ራሱ ሲመረት ደግሞ በብዛት የተፈጥሮ ጋዝ ይቃጠልበታል። ማዳበሪያ ማለት በከረጢት የገባ ኢነርጂ ነው።

መድኃኒት። ገበሬው ፀረ ተባይን "መድኃኒት" ነው የሚለው፣ ስሙ ራሱ ያዘናጋል። ቲማቲም ተባይና በሽታ የሚበዛበት ሰብል ስለሆነ በአንድ ወቅት ደጋግሞ ይረጫል። የሚረጨው ብዙ ጊዜ በቀን ሥራ የተቀጠረ ወጣት ነው፣ መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ ያለ ጓንት፣ ያለ ጭንብል፣ አንዳንዴ በነጠላ ጫማ። መርጫው የሚታጠበው ቦዩ ውስጥ ወይም ሐይቁ ዳር ነው። ባዶ ዕቃው ደግሞ ውሃ መቅጃ የሚሆንበት ቤት አለ። ይህ በጣም አደገኛ ነው፣ ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን የፈለገውን ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም። ተባዩን የሚገድለው ነገር ንቡንም ይገድላል፣ ንብ ከሌለ ደግሞ ብዙ አበባ ፍሬ ሳይሆን ይረግፋል።

አፈር። እስከ ሐይቁ አፍ ድረስ ሲታረስ ቀድሞ ደለሉን ያጣራ የነበረው ደንገልና ሸንበቆ ይጠፋል። የመቂ ወንዝ ደግሞ በክረምት ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር በሆነ ሐይቅ ላይ ደለል ሲቀመጥ ጥልቀቱ ይቀንሳል፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይተናል። እንግዲህ እርሻው ከሚስበው ውሃ በላይ በሚልከው አፈርም ሐይቁን ያሳንሰዋል።

🔥 ኃይሉስ የት ነው ያለው?

"የእኛ መብራት ንጹሕ ነው" ሲባል ሰምታችኋል። እውነት ነው፣ ኢትዮጵያ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ከምንጠቀመው ጠቅላላ ኃይል ትንሹ ክፍል ነው። አብዛኛው ቤት የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በአገዳ ነው።

ከሰል። በባህላዊ መንገድ፣ አፈር ተደርጎበት ሲከሰል፣ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ብዙ ኪሎ እንጨት ይነዳል። አብዛኛው ጉልበት እዚያው ጭስ ሆኖ ይጠፋል። ሐይቆቹን የከበበው የግራር ደን፣ ፓርኩ ውስጥ ያለው ጭምር፣ በዚህ መልክ ሳስቷል። ግራር ሲቆረጥ አፈሩን የያዘው ሥር ይሄዳል፣ አፈሩ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ከላይ አይተናል። ከሰሉ የሚነደው ግን ባቱ ብቻ አይደለም። ማዳበሪያው መኪና ላይ ተጭኖ አዲስ አበባ፣ አዳማና ሀዋሳ ይገባል። መብራት በጠፋ ቁጥር ምድጃ የምናወጣ ሁላችን ሰንሰለቱ ውስጥ አለን።

ኩበት። ለመሬት መሄድ የነበረበት ፍግ ጠፍጥፎና ደርቆ ምጣድ ሥር ይገባል። እንጨት ስለጠፋ ነው። መሬቱ ፍግ ሲያጣ ለምነቱ ይቀንሳል፣ ውሃ የመያዝ አቅሙም ይወርዳል። ስለዚህ ገበሬው ሁለት ነገር ይጨምራል፦ ዩሪያና መስኖ።

ናፍጣ። ከሐይቁና ከወንዙ ውሃ የሚስበው ሞተር ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ሞተሩ ውሃው አፍ ላይ ስለሚቀመጥ የሚያንጠባጥበው ዘይትም ቀጥታ ወደ ውሃው ነው የሚገባው።

ጭሱ። የእንጨትና የከሰል ጭስ ቤት ውስጥ ሲታመቅ ገዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። በእኛ አገር ምጣድ ፊት የሚቆሙት እናቶችና እህቶች መሆናቸውን መንገር አያስፈልግም።

🔗 ሰንሰለቱ አንድ ላይ ሲታይ

1. እንጨት ይቆረጣል፣ ይከሰላል።
2. እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል።
3. ፍግ ያጣ መሬት ማዳበሪያና ብዙ ውሃ ይፈልጋል።
4. ውሃው በሞተር ይሳባል፣ ናፍጣ ይነዳል።
5. ትርፉ ማዳበሪያ፣ መድኃኒቱና አፈሩ ተመልሶ ሐይቅ ይገባል።
6. ሐይቁ ስለቀነሰ የገባውን ማቅጠን አይችልም።
7. ዓሣ የሚያሰግረው ሰው ሥራ ያጣል። ሌላ ገቢ ካላገኘ ከሰል ወደ መክሰል ይሄዳል።

ሰባተኛው መልሶ አንደኛው ላይ ይጥለናል። ለዚህ ነው አንዱን ነጥሎ መፍታት የማይሠራው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የናፍጣ ሞተርን በሶላር ፓምፕ መቀየር ጥሩ ነገር ነው፣ ጭስ የለም፣ ነዳጅ የለም። ግን ናፍጣ ውድ በመሆኑ ገበሬው ሞተሩን ቶሎ ያጠፋ ነበር። ፀሐይ ነፃ ናት። ማንም ካልተቆጣጠረ ፓምፑ ከጠዋት እስከ ማታ ይስባል። አየሩ ዳነ፣ ሐይቁ ግን ተጎዳ ማለት ነው። ሶላሩን አንፈልግም ለማለት አይደለም። ከጠብታ መስኖና ከውሃ ልኬት ጋር ካልመጣ ግማሽ መፍትሔ ነው ለማለት ነው።

🗺 ሌላ ቦታስ?

ሐሮማያ፦ የሐሮማያ ሐይቅ የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ነበር። በዙሪያው ጫትና አትክልት በሞተር ይጠጣ ነበር፣ ከተራራው ደለል ይወርድበት ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሐይቁ ደረቀ፣ ሐረርም ከሩቅ ጉድጓድ ውሃ ለማስመጣት ተገደደች። ባለፉት ዓመታት ውሃው ተመልሶ ታይቷል፣ ይህ ተስፋ ነው። የነበሩት ምክንያቶች ካልተነሱ ግን ዋስትና የለውም።

በሰቃ፦ መተሐራ አጠገብ ያለው ይህ ሐይቅ የአብያታ ተቃራኒ ነው፣ እየሰፋ ነው የመጣው። ከ60 ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው አሁን ከ40 በላይ ሆኗል። ከምክንያቶቹ አንዱ በአካባቢው ካለው የመስኖ እርሻ የሚሰርገው ውሃ ነው። ውሃው ጨዋማ በመሆኑ ግጦሽ አጥለቅልቋል፣ ለአዋሽም ስጋት ነው። መስኖ ሐይቅ ሲያደርቅም ሲያሰፋም መጉዳት ይችላል።

ቆቃ፦ እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው ግድብ 43 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ነው የተሠራው። ከላይ የሚመጣው ደለል የግድቡን ውሃ መያዣ በብዛት ሞልቶታል። ማሳ ላይ ያልተያዘ አፈር መጨረሻው የመብራት ችግር ነው።

አቃቂ፦ ወንዙ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ተሸክሞ ይወርዳል፣ በዳሩ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል። ዝዋይ ላይ እርሻው ውሃውን ሲበክል፣ አቃቂ ላይ ውሃው እርሻውን ይበክላል። ጎመኑ ተመልሶ የእኛው ሳህን ላይ ይመጣል።

⚖️ ታዲያ ጥፋተኛው ማነው?

ጣት መቀሰር ቀላል ነው። ገበሬው አበባ እርሻውን ያሳያል። አበባ እርሻው "ትንንሾቹ ሞተሮች ሲደመሩ ይበልጣሉ" ይላል። ከተማው ገበሬውን ይወቅሳል። ሁሉም የያዘው እውነት አለ።

ግን አንድ ነገር አንርሳ። ባቱና መቂ ላይ የእኛ እኩያ የሆነ ብዙ ወጣት የሚበላው ከዚህ ሥራ ነው። ለቀማው፣ ጭነቱ፣ ርጭቱ፣ የአበባ ቆረጣው፣ ድለላው ሁሉ እንጀራ ነው። "እርሻው ይቁም" ማለት ለእነሱ መልስ አይደለም። በሌላ በኩል ሐይቁ ከጠፋ እርሻውም የለም፣ አሁን ባለው መንገድ መቀጠልም መልስ አይደለም።

የከተማ ሰውም ነፃ አይደለም። አንድ ኪሎ ቲማቲም ለማምረት በዓለም አማካይ 200 ሊትር ገደማ ውሃ ይጠፋል። አትክልት ተራ ላይ ፈርጦና በስብሶ የሚጣለው ቲማቲም ከነውሃው፣ ከነማዳበሪያው፣ ከነናፍጣው ነው የሚጣለው። ማንም ያልበላው ቲማቲም ሐይቁን ግን በልቶታል።

🛠 የሚሠራው ምንድን ነው?

• የጠብታ መስኖ። ውሃውን ሥሩ ላይ ስለሚያደርስ በቦይ ከሚለቀቀው በጣም ያነሰ ውሃ ይበቃዋል። ማዳበሪያውንም አብሮ በልኩ መስጠት ይቻላል። ችግሩ የመነሻ ዋጋው ነው፣ ብድር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።
• ከሐይቁ ዳር መራቅ። በእርሻውና በውሃው መካከል የሣር፣ የደንገልና የዛፍ ቀበቶ (ባፈር ዞን) ሲኖር አፈሩና ኬሚካሉ እዚያ ይጣራል። አንዳንድ የአበባ እርሻዎችም ፍሳሻቸውን በተክል በሚያጣራ ሰው ሠራሽ ረግረግ ያሳልፋሉ። ይህ የአንዳንዶች ደግነት ሳይሆን የሁሉም ግዴታ መሆን አለበት።
• ባዮጋዝ። ከሁሉም ሰንሰለቱን በደንብ የሚቆርጠው ይህ ነው። ፍጉ ጉድጓድ ገብቶ ጋዝ ይሰጣል፣ ጋዙ ወጥ ይሠራል፣ የሚቀረው ዝቃጭ ደግሞ ለማሳ ምርጥ ማዳበሪያ ነው። ኩበት ማንደድ ቀረ፣ እንጨቱ ዳነ፣ የዩሪያው ፍላጎት ቀነሰ። ኢትዮጵያ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከብትና ውሃ ላለው ቤት ይሆናል፣ ለሁሉም አይሆንም።
• የተሻሻለ ምድጃ። "ምርጥ" ምጣድ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። "ላቀች" ምድጃም ከሰል ይቆጥባል። ለከተማ ሰው መብራት ባለ ሰዓት በኤሌክትሪክ ማብሰል ከሁሉም ይሻላል።
• መድኃኒትን መቀነስ። ሰብል ማፈራረቅ፣ ተባዩ ሳይታይ በልማድ አለመርጨት፣ ጓንትና ጭንብል ማድረግ፣ መርጫን ከውሃ ርቆ ማጠብ፣ ባዶ ዕቃን በስቶ ከጥቅም ውጪ ማድረግ።
• ውሃን መለካት። ማን ስንት እንደሚስብ ሳይታወቅ ማካፈል አይቻልም።

📜 ሕጉ ምን ይላል?

ብዙዎቻችን የማናውቀው ክፍል ይህ ነው፣ ስለዚህ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙት።

• የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44፦ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው።
• የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992፦ የቤት ውስጥ ውሃ ፍጆታ ከሌላ አገልግሎት ሁሉ ይቀድማል። ውሃ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል። በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድና ለባህላዊ መስኖ ግን ፈቃድ አይጠየቅም።
• የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002፦ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥና መጠቀም አይቻልም።
• የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፦ ማንም ሰው፣ በግሉ ጉዳት ባይደርስበት እንኳ፣ አካባቢን በሚበክል ላይ ለፌዴራል ወይም ለክልል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

የመጨረሻውን ደግማችሁ አንብቡት። የተበከለው ሐይቅ ዳር ቤት ሊኖራችሁ አያስፈልግም። ፎቶ፣ ቀንና ቦታ ይዛችሁ በጽሑፍ ማመልከት ትችላላችሁ። ማመልከቻውን ስታስገቡ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም ማስመታት አትርሱ፣ 30 ቀኑ የሚቆጠረው በዚያ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ በዚያ መንገድ ስታልፉ፣ ከሰሉን ከመጠየቃችሁ በፊት ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡት። በብዙዎቹ ላይ የማዳበሪያው ስም ገና አልጠፋም። ከዚያ አንገታችሁን ወደ አብያታ አዙሩና ውሃው የት ድረስ እንደራቀ እዩ። የሦስቱ ነገሮች ታሪክ አንድ መሆኑን ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጠቃሚ ሆኖ ካገኛችሁት ለጓደኞቻችሁ አጋሩት። በተለይ ባቱ፣ መቂና ቡልቡላ ዘመድ ላላችሁ።